ሁለት አምፕሊፋየሮችን ከአንድ ጥንድ ስፒከር ጋር ሳያቃጥሉ ማገናኘት

ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይመጣል። «ለፊልም የምጠቀምበት ሪሲቨር (የዲሽ ሳይሆን የራሱ አምፕሊፋየር ያለው የድምፅ መሣሪያ) አለኝ። ለሙዚቃ ደግሞ ሌላ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር አለኝ። ስፒከሮቼ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። ከሁለቱም የሚመጡትን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዤ ከስፒከሩ ጋር ባያይዛቸውና አንዱ ሲሠራ ሌላውን ባጠፋው ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። በዚህ አሠራር የተቃጠሉ አምፕሊፋየሮችን ከፍቼ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሁለተኛውን አጥፍተውት እንደነበር ይነግሩኛል፤ አምናቸዋለሁም። አምፕሊፋየሩ መጥፋቱ ግን አያድነውም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህችን አንዲት ሕግ ይያዙ፦

የሁለት አምፕሊፋየሮች የስፒከር መውጫዎች፣ ቢበሩም ቢጠፉም፣ ለቅጽበትም ቢሆን መነካካት የለባቸውም።

ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ይህችን ሕግ ሳይጥሱ ሁለቱንም መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው።

ለምን አይነካኩም?

አምፕሊፋየር ወደ ስፒከር ኃይል የሚልክበት መውጫ ውስጣዊ ተቃውሞው እጅግ አነስተኛ ነው። ከመሣሪያው ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ «ዳምፒንግ ፋክተር 100 በ8 ኦም» የሚል ካገኙ (ኦም የተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ዳምፒንግ ፋክተር የስፒከሩ ተቃውሞ የመውጫውን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው) 8ን ለ100 ያካፍሉት፤ 0.08 ኦም ይሆናል። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ሙዚቃ ሲልክ ከፊቱ ሁለት መንገዶች ያገኛል፤ በአንዱ በኩል 8 ኦም ያለው ስፒከር፣ በሌላው በኩል ከ0.1 ኦም በታች ያለው የበራው የሁለተኛው አምፕሊፋየር መውጫ። ከረንቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለተኛው በኩል ይሄዳል። አምፕሊፋየሩ እየነዳ ያለው ስፒከር ሳይሆን ኮንታክት የፈጠረ ሽቦ ነው ማለት ነው።

የጠፋ አምፕሊፋየር ደግሞ የተዘጋ በር አይደለም። የመውጫው ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች በቦታቸው ተያይዘው ይቆያሉ። ከውጭ የገባው ቮልቴጅ በእነርሱ በኩል አልፎ የውስጡን ካፓሲተሮች ይሞላል፤ መሣሪያው ባልታሰበበት አቅጣጫ ኃይል እየገባበት በከፊል ይነቃል። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ሲጠፉ መውጫውን የሚቆርጥ ሪሌ አላቸው፤ ነገር ግን ሁሉም የላቸውም፣ ሪሌም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ አንድ ቀን ደግሞ የቤተሰብ አባል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊያበራ ይችላል። በዚህ ላይ መተማመን አይገባም።

የትኛው መንገድ ለእርስዎ ይሆናል?

የሪሲቨሩን ጀርባ ይመልከቱ። «ፕሪ አውት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአርሲኤ መውጫዎች (በመሃሉ አንድ እግር ያለው የድምፅ ገመድ የሚሰካባቸው ክብ ቀዳዳዎች) ካሉ ወደ መጀመሪያው መንገድ ይሂዱ፤ ሌላውን ማሰብም አያስፈልግዎትም። ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ስፒከሮቹ እስከ መጨረሻው ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ብቻ ተያይዘው ይኖራሉ። ፕሪ አውት ከሌለ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም የመምረጫ ሳጥን ነው። ሦስተኛው መንገድ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በአንድ ጊዜ አንድን ስፒከር ተከፋፍለው እንዲነዱ ለሚፈልግና ስፒከሩ ከጀርባው አራት ማሰሪያዎች ላሉት ሰው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቴስተር፤ ኦም፣ ዲሲ ቮልት እና ኤሲ ቮልት የሚለካ
- የመዳብ ስፒከር ሽቦ
- የአርሲኤ ገመድ፣ አንድ ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ
- ለሁለት አምፕሊፋየሮች የተሠራ የመምረጫ ሳጥን (ለሁለተኛው መንገድ ብቻ)
- ካቻቪቴ፣ ፒንሳ እና የሽቦ መላጫ
- ናስትሮና መጻፊያ እስክሪብቶ
- 1.5 ቮልት ባትሪ
- በስልክ የሚከፈት የ200 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ (ለሦስተኛው መንገድ ብቻ)

ስለ ሽቦው ውፍረት ብዙ ይወራል፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.007 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 10 ሜትር ቢሆን ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 20 ሜትር ይቆጠራል፤ ወደ 0.14 ኦም ይመጣል። የሽቦው ተቃውሞ ከስፒከሩ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር 0.4 ኦም፣ ለ4 ኦም ስፒከር 0.2 ኦም። ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነው በዚያው 10 ሜትር ርቀት 0.23 ኦም ያህል ስለሚሆን ለ8 ኦም ይበቃል፣ ለ4 ኦም ግን ያንሳል።

ማንኛውንም መንገድ ከመጀመርዎ በፊት

1. ሁሉንም መሣሪያዎች አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በውስጣቸው ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። የመሣሪያዎቹን ክዳን በፍጹም አይክፈቱ፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ መክፈት የሚጠይቅ ሥራ የለም።

2. የስፒከሩን ኦም ያረጋግጡ። ከጀርባው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ጽሑፉ ከጠፋ ሽቦውን አላቅቀው በቴስተር ይለኩ፤ 8 ኦም የሚባል ስፒከር በቴስተር 6 ኦም ገደማ ያሳያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቴስተሩ የሚለካው የመዳቡን ተቃውሞ ብቻ ነው፣ በሙዚቃ ጊዜ የሚጨመረውን አይደለም። ከዚያ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ያንን ኦም መሸከም እንደሚችሉ ጀርባቸው ላይ ያንብቡ። አንዱ «ከ6 እስከ 16 ኦም» የሚል ከሆነና ስፒከርዎ 4 ኦም ከሆነ ያ አምፕሊፋየር ለዚህ ስፒከር አይሆንም።

3. አምፕሊፋየሩ ኔጋቲቩ የጋራ መሆን አለመሆኑን ይለኩ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እባክዎ አይዝለሉት። ስፒከሮቹ ተላቅቀው፣ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው በግራና በቀኝ ኔጋቲቭ ማሰሪያዎች መካከል ይለኩ። ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ኔጋቲቩ የጋራ ነው። ዜሮ ካልሆነ ደግሞ፣ በተለይ መሣሪያው ትንሽና አዲስ ዓይነት ዲጂታል አምፕሊፋየር ከሆነ፣ ኔጋቲቩም እንደ ፖዘቲቩ ራሱን ችሎ የሚነዳ ሊሆን ይችላል፤ በመጽሐፉ ላይ «ቢቲኤል» ወይም «ብሪጅ» ተብሎ ይጠቀሳል። የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ኔጋቲቩ ከሌላ አምፕሊፋየር ኔጋቲቭ ወይም ከኧርዝ ጋር ከተነካካ ይቃጠላል። በሁለተኛው መንገድ የሳጥኑን ዓይነት የሚወስነው ይህ ልኬት ነው፤ ውጤቱን ይጻፉት።

4. በመውጫው ላይ የሚፈስ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) መኖሩን ይለኩ። ስፒከር ሳይኖር፣ ምንም ሙዚቃ ሳይገባ፣ ድምፁን እስከ ታች ዝቅ አድርገው አምፕሊፋየሩን ያብሩ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በእያንዳንዱ ቻናል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል ይለኩ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከ100 ሚሊ ቮልት በላይ ካሳየ ለባለሙያ ያሳዩት፤ ከስፒከር ጋር አያገናኙት። ዲሲ ድምፅ አያወጣም፤ የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ግን ያግላል፣ ብዙ ሲሆንም ያቃጥለዋል። ማስጠንቀቂያ፦ የቫኩም ቱቦ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፋንታ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ያለ ስፒከር መብራት የለበትም፤ ይህን ልኬት በእርሱ ላይ አያድርጉ።

5. ምልክት ያድርጉ። በእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ናስትሮ ጠቅልለው «ግራ ፖዘቲቭ»፣ «ግራ ኔጋቲቭ» እያሉ ይጻፉ። ከሁለት አምፕሊፋየሮች የሚመጡት ስምንት ጫፎች ናቸው፤ በማስታወስ አይዘለቁም። በሽቦው አንድ ወገን ላይ የተሰመረው መስመር የሚረዳዎት በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ከተጠቀሙበት ብቻ ነው።

ስፒከሩ ላይ ያለው የፖዘቲቭ ምልክት ከጠፋ ባትሪውን ይጠቀሙ። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየር ተላቅቆ ሳለ የ1.5 ቮልት ባትሪውን ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ያስነኩት። ትልቁ የስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ማሰሪያ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ከፕሪ አውት ወደ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር

የዚህ መንገድ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሪሲቨሩ የፊት ግራና ቀኝ ድምፆችን ገና ኃይል ሳይጨምርባቸው በፕሪ አውት ያወጣቸዋል። ስቴሪዮ አምፕሊፋየሩ ይቀበላቸውና ስፒከሮቹን ይነዳል። ለሙዚቃም ለፊልምም ስፒከሮቹን የሚነዳው እርሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መውጫዎች የሚነካኩበት አጋጣሚ የለም።

1. ሁለቱን ስፒከሮች ከስቴሪዮ አምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኙ። የሽቦውን ልባስ ከጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ልጠው ክሮቹን በደንብ ይጠምዝዙ። አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ የጎረቤቱን ማሰሪያ ብትነካ ኮንታክት ትፈጥራለች፤ ከጨረሱ በኋላ በመብራት እያዩ ያረጋግጡ።

2. የሪሲቨሩን የፊት ግራና ቀኝ የስፒከር ማሰሪያዎች ባዶ ይተዉ። ያለ ስፒከር መሆናቸው አይጎዳቸውም። የመሃልና የኋላ ስፒከሮች ካሉ በሪሲቨሩ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ።

3. የአርሲኤ ገመዱን ከሪሲቨሩ የፊት ፕሪ አውት ወደ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሩ ይውሰዱ። የሚሰኩበት ቦታ በአምፕሊፋየሩ ይወሰናል። «ባይፓስ»፣ «ሜይን ኢን» ወይም «ፓወር ኢን» የሚል መግቢያ ካለው እርሱን ይጠቀሙ። ይህ መግቢያ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ መቆጣጠሪያ ስለሚያልፈው በፊልም ጊዜ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሪሲቨሩ ብቻ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ በባይፓስ መግቢያ ላይ የሲዲ ማጫወቻ ወይም የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ የሌለው ሌላ መሣሪያ በፍጹም አይሰኩ። በዚያ መግቢያ አምፕሊፋየሩ ምንጊዜም በሙሉ ጉልበቱ ስለሚሠራ የመጀመሪያው የሙዚቃ ቅጽበት ስፒከሮቹን ሊበጥስ ይችላል።

4. ባይፓስ ከሌለ ማንኛውንም የተለመደ መግቢያ፣ ለምሳሌ «ኦግዝ» የሚለውን ይጠቀሙ። «ፎኖ» የሚለውን ግን አይንኩ፤ እርሱ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ድምፁን ከልክ በላይ አጉልቶ ያበላሸዋል። በዚህ አሠራር ሁለት የድምፅ መቆጣጠሪያዎች ተከታትለው ይሠራሉ፣ ስለዚህ የአምፕሊፋየሩን በአንድ ቦታ ማጽናት ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያውን መሃል ላይ አቁመው በዚያ ነጥብ ላይ በቀጭን ናስትሮ ምልክት ያድርጉ። ፊልም በሚያዩበት ጊዜ ሁሉ ወደዚያ ምልክት ይመልሱት። አንድ ቀን ከፍ ብሎ ከቀረ የፊት ስፒከሮች ከሌሎቹ ይልቅ ይጮኻሉ፤ ዝቅ ብሎ ከቀረ ደግሞ ሙዚቃውና የጎን ድምፆች ጠፍተው ንግግሩ ብቻውን ይቀራል።

5. የሪሲቨሩን የድምፅ ማስተካከያ እንደገና ያሂዱ። ማይክሮፎን ካለው በእርሱ፣ ከሌለው በሙከራ ድምፁ የእያንዳንዱን ስፒከር ደረጃ አስተካክለው ያመጣጥኑ። የሁለቱ መሣሪያዎች የማጉላት መጠን አንድ ስላልሆነ የድሮው ማስተካከያ አሁን አይሠራም። ይህን ባለማድረጋቸው «አዲሱ አምፕሊፋየር ንግግሩን ዋጠው» ብለው የሚጽፉልኝ ብዙዎች ናቸው።

6. ሲያበሩ መጀመሪያ ሪሲቨሩን፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ያብሩ። ሲያጠፉ ተቃራኒውን ያድርጉ፤ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። ሪሲቨሩ ሲበራና ሲጠፋ የሚያወጣው ድንገተኛ ድምፅ በበራ አምፕሊፋየር ካለፈ በስፒከሮቹ ላይ እንደ ምት ያርፋል።

ሙዚቃ ብቻ ለመስማት ሪሲቨሩን ማብራት አያስፈልግም። ፊልም ለማየት ግን ሁለቱም መብራት አለባቸው። የዚህ መንገድ ዋጋ ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የመምረጫ ሳጥን

ሳጥኑ በመሃል ተቀምጦ ስፒከሮቹን አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው አምፕሊፋየር ጋር ያገናኛል። አስተማማኝ የሚሆነው ሦስት ነገሮችን ካሟላ ነው። አንደኛ፣ ፖዘቲቩን ብቻ ሳይሆን ኔጋቲቩንም መቁረጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የግራውና የቀኙ ኔጋቲቭ በሳጥኑ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ሦስተኛ፣ ሲቀይር የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ ነው ሁለተኛውን መያዝ ያለበት። አምፕሊፋየርዎ ኔጋቲቩ የጋራ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሞት ሽረት ጉዳይ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ሳጥኑን በመምረጥ ላይ ይፈጸማል። ብዙዎቹ ሳጥኖች የተሠሩት በተቃራኒው ነው፤ አንድ አምፕሊፋየር ገብቶ ለብዙ ጥንድ ስፒከሮች እንዲከፋፈል። በላያቸው «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ቁልፎች አሉ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊጫኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሳጥን ገልብጠው አምፕሊፋየሮቹን በስፒከር መውጫዎቹ በኩል ቢያስገቡ፣ ሁለቱ ቁልፎች አብረው የተጫኑ ዕለት ያቺ ሕግ ትጣሳለች። የአምፕሊፋየሩ የራሱ የ«ስፒከር ኤ» እና «ስፒከር ቢ» ማሰሪያዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ መውጫ እንጂ መግቢያ አይደሉም፣ የሌላ አምፕሊፋየር ሽቦ አይገባባቸውም።

1. ሳጥኑን ምንም ሳያገናኙበት በቴስተር ይፈትሹ። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ በአምፕሊፋየር አንድ ግራ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየር ሁለት ግራ ፖዘቲቭ ላይ ይያዙና መምረጫውን በጣም በዝግታ ከአንድ ወደ ሁለት ያዙሩ። በመሃል ላይ ለአፍታም ቢሆን ከጮኸ ሳጥኑ ሁለቱን አምፕሊፋየሮች እያገናኘ ስለሆነ አይጠቀሙበት። ይህንኑ በኔጋቲቮቹና በቀኙ በኩል ይድገሙ። በመጨረሻም በግራና በቀኝ ኔጋቲቭ መካከል ይለኩ፤ መጮኽ የለበትም።

2. የሳጥኑ የከረንት መጠን እንደሚበቃ ያረጋግጡ። 100 ዋት በ8 ኦም ላይ 3.5 አምፔር ገደማ ነው፤ በ4 ኦም ላይ 5 አምፔር። የሳጥኑ መጠን ከዚህ በላይ ይሁን። ያነሰ ከሆነ የውስጡ መገናኛ እየጋለ ይጠቁራል፣ ድምፁም መቆራረጥ ይጀምራል።

3. ስፒከሮቹን መጀመሪያ ከሳጥኑ መውጫ ጋር ያገናኙ፤ ቀጥሎ አምፕሊፋየር አንድን፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየር ሁለትን። አንዱን ጨርሰው፣ ከስፒከሮቹ ድምፅ መውጣቱን ሰምተው፣ አጥፍተው ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ ሌላውን ይቀጥሉ። ስህተት ቢኖር በየትኛው በኩል እንደሆነ ወዲያው ይታወቅዎታል።

4. ሲቀይሩ ሁልጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦ የሚሠራውን ድምፅ እስከ ታች ዝቅ ያድርጉ፣ ያጥፉት፣ መምረጫውን ያዙሩ፣ ሌላውን ያብሩ። ሙዚቃ እየሄደ መምረጫውን ማዞር በመገናኛው ላይ ብልጭታ ይፈጥራል፤ መገናኛው ቀስ በቀስ ይበላል።

የቫኩም ቱቦ አምፕሊፋየር ላላችሁ ይህ ቅደም ተከተል ምርጫ አይደለም። የቱቦ አምፕሊፋየር በመውጫው ላይ ትራንስፎርመር አለው፤ ሙዚቃ እየገባበት ስፒከር ካጣ በትራንስፎርመሩ ላይ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ የጥቅሉን ልባስ ሊበሳ ይችላል። ጠፍቶ ካልሆነ በቀር ሳጥኑ ከእርሱ መዞር የለበትም። በቤት ውስጥ ልጆች ካሉና ሳጥኑን ሊነኩት ከቻሉ የቱቦ አምፕሊፋየርን በዚህ መንገድ ባያገናኙት እመክራለሁ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ አንዱ ለላይ ሌላው ለታች

ስፒከርዎ ከጀርባው ሁለት ጥንድ ማሰሪያዎች ካሉት፣ የላዩ ጥንድ ለቀጭኑ ድምፅ፣ የታችኛው ለወፍራሙ ነው። ሁለቱን የሚያያይዙ ትናንሽ የብረት ቁራጮች አሉ። ከዚህ መንገድ የሚገኘው የድምፅ ለውጥ አብዛኛው ሰው ከሚጠብቀው ያነሰ መሆኑን ልንገርዎት፤ አደጋው ግን ከፍተኛ ነው። ከቆረጡ ግን እንዲህ ያድርጉ።

1. የብረት ቁራጮቹን ከሁለቱም ስፒከሮች ያውጡ። ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ይወሰናል። እነርሱ በቦታቸው እያሉ ሁለት አምፕሊፋየሮችን ካገናኙ መውጫዎቹን ራስዎ ያነካካሉ ማለት ነው። ካወጡ በኋላ በላይኛውና በታችኛው ፖዘቲቭ መካከል፣ ከዚያም በላይኛውና በታችኛው ኔጋቲቭ መካከል በቴስተር ይለኩ። መገናኘት የለባቸውም። አሁንም ከተገናኙ በውስጥ የተያያዙ ስለሆኑ ይህ መንገድ ለዚያ ስፒከር አይሆንም።

2. ድምፁን ለሁለቱም አምፕሊፋየሮች ያከፋፍሉ። አንድን የፕሪ አውት መውጫ ለሁለት የሚከፍል የአርሲኤ ገመድ መጠቀም ይቻላል። አንድ መውጫ ለሁለት መግቢያ ትክክል ነው። ሁለት መውጫን ወደ አንድ መግቢያ ማጣመር ግን ስህተት ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

3. የማጉላት መጠናቸውን እኩል ያድርጉ። ስፒከሮቹ ተላቅቀው ሳለ (አምፕሊፋየሮቹ የትራንዚስተር ከሆኑ ብቻ) የ200 ኸርዝ ድምፅ ያስገቡ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር በመውጫው 3 ቮልት እስኪያሳይ ያስተካክሉ፤ ሁለተኛውንም ወደ 3 ቮልት ያምጡት። ልዩነቱ ከ0.05 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። 12 በመቶ የቮልቴጅ ልዩነት አንድ ዴሲቤል ነው፤ ያን ያህል ልዩነት ካለ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ ሚዛናቸውን ያጣሉ። ከዚህ በኋላ የአምፕሊፋየሮቹን መቆጣጠሪያ አይንኩ፤ ድምፁን ከፕሪ አውት በኩል ይቆጣጠሩ።

4. አንዱ አምፕሊፋየር ድምፁን እንደማይገለብጥ ያረጋግጡ። ኔጋቲቫቸው የጋራ ለሆኑ አምፕሊፋየሮች ቀላል ዘዴ አለ። በዚያው የ3 ቮልት ሁኔታ ቴስተሩን በአምፕሊፋየር አንድ ግራ ፖዘቲቭና በአምፕሊፋየር ሁለት ግራ ፖዘቲቭ መካከል ያድርጉ። ወደ ዜሮ ከቀረበ አብረው ይገፋሉ። ወደ 6 ቮልት ካሳየ አንዱ ገልብጧል። ቴስተሩ በቮልት ላይ ሲሆን የሚያሳልፈው ከረንት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ በዚህ ልኬት ሕጓ አትጣስም፤ በስህተት በአምፔር ላይ ካደረጉት ግን ቴስተሩ እንደ ሽቦ ሆኖ ሁለቱን ያገናኛል። ከመንካትዎ በፊት መቀየሪያውን ደግመው ይመልከቱ። አንዱ የሚገለብጥ ከሆነ በዚያኛው በኩል የስፒከሩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ ይለዋውጡ።

5. ሁሉንም አጥፍተው ያገናኙ። አንደኛው ለላይ፣ ሌላው ለታች። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርገው አንዱን ስፒከር ብቻ ይሞክሩ።

ሲያበሩ የሚገጥሙ ነገሮች

የሚያጉረመርም ድምፅ። ሁለት መሣሪያዎች በአርሲኤ ገመድ ሲገናኙ የሚመጣ የተለመደ ችግር ነው። በሁለቱ ኧርዞች መካከል ክብ መንገድ ስለሚፈጠር የመብራቱ ድምፅ ይገባበታል። መሣሪያዎቹን አጥፍተው የአርሲኤ ገመዱን ይንቀሉና አምፕሊፋየሩን ያብሩ፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ የሶኬት ማራዘሚያ ላይ ይሰኩ። ካልሄደ የቴሌቪዥኑን የአንቴና ወይም የዲሽ ገመድ ነቅለው ይስሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው እርሱ ነው። ይህም ካልሠራ በአርሲኤ ገመዱ መሃል የሚገባ የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ይፈታዋል። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ወይም መሸፈን ግን በፍጹም አይሞከርም። ጉርምርምታው ይጠፋል፤ በመሣሪያው ውስጥ ብልሽት በተፈጠረ ቀን ግን የብረት ክዳኑ የሚነካውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ወፍራሙ ድምፅ የጠፋበት፣ ዘፋኙ የት እንደቆመ የማይታወቅበት ሙዚቃ። የአንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጧል። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ምልክቶቹን ተከትለው ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ ይፈትሹ። በሁለተኛው መንገድ ይህ በአንደኛው አምፕሊፋየር ብቻ ከተሰማ ስህተቱ በዚያ አምፕሊፋየርና በሳጥኑ መካከል ነው።

አንድ ወገን ብቻ ድምፅ አለው። ሁሉንም አጥፍተው ግራና ቀኙን የአርሲኤ ገመድ በአምፕሊፋየሩ በኩል ብቻ ይቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከዚያ ወዲያ ካለው መሣሪያ ነው፤ በነበረበት ከቀረ ከአምፕሊፋየሩ፣ ከሽቦው ወይም ከስፒከሩ ነው።

የመከላከያ መብራት ይበራል፣ ወይም አምፕሊፋየሩ በርቶ ወዲያው ይጠፋል። ደግመው ደጋግመው አያብሩት። ከሶኬት ነቅለው ሁሉንም የስፒከር ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ያላቅቁ። ከተላቀቁት ሽቦዎች በኩል በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል በኦም ይለኩ፤ ለ8 ኦም ስፒከር 6 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ የወጣች ክር ወይም የተቆነጠጠ ሽቦ ኮንታክት ፈጥሯል፤ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ እየዳሰሱ ይፈልጉት። ልኬቱ ትክክል ከሆነ አምፕሊፋየሩን ያለ ስፒከር ያብሩት፤ ቱቦ ከሆነ ግን አያብሩት፣ ለባለሙያ ይስጡት። ያለ ስፒከርም መከላከያው ከበራ ብልሽቱ በራሱ ውስጥ ስለሆነ ለጥገና ይውሰዱት፣ እስኪመለስም ስፒከሮቹን በሌላው አምፕሊፋየር ብቻ ይጠቀሙ።